የመካነ ሰላሙ ሴባስቶፖል

ጉራ አልጋ ላይ የሚጥል በሽታ ቢሆን ኖሮ እኔን የሚያስታምም ሰው ገና ድሮ ይሰለቸኝ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። የኮምፒውተርን ሆድ ዕቃ ለዓመታት በጠመኔ እየሣልኩ አስተምሬያለሁ፤ ማዘርቦርዱ ይኸ ነው፣ ፕሮሰሰሩ እዚህ ይቀመጣል፣ ራሙ እዚህ ይሰካል፣ ለፈተና ይመጣልና ጻፉ። በእጄ ግን አንድም ማሽን ፈትቼ ገጥሜ አላውቅም ነበር። ክዳን መክፈትስ ከፍቻለሁ፤ እሱም አቧራ ለማራገፍ ነው። ይህን ምስጢር አሁን ተማሪዎቼ ስለደረሱበት ብናዘዝ የሚጎድልብኝ ክብር የለም።

ቤታችን ያለችው ኮምፒውተር ከባሕር ማዶ ቢሮ በጡረታ ተገልላ የመጣች ናት። በአገራችን ገበያ ዩዝድ እየተባለ የሚሸጠው ዴስክቶፕ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ዓመታት ያገለገሉትን በጅምላ ያሰናብታል፣ ነጋዴ ሰብስቦ ያመጣቸዋል፣ እኛ ደግሞ «ምንም አልተነካ» ተብሎልን እንወስዳለን። የእኛዋ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራምና የሚያቃስት ሃርድ ዲስክ አላት። ያ ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እኔ የፈተና ጥያቄ እጽፍባታለሁ፣ ባለቤቴ የዕድራችንን ሒሳብ ትይዝባታለች፣ ልጆቹ ፊልም ያዩባታል። አዲስ ጌም ማጫወት ብቻ ነው የማይሆንላት።

ጌም እወዳለሁ። ጢሜ ሸብቷል፣ ልጆቼ ደርሰዋል፣ ቢሆንም እወዳለሁ። ከተማችን ውስጥ ያሉትን ፕሌይስቴሽን ቤቶች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ገብቼ ስጫወት ተማሪ ብቅ ካለ መቆጣጠሪያውን ጎኔ ላለው ልጅ እወረውርና ተነሥቼ ፊቴን አጨፈግጋለሁ፤ «ከትምህርት የቀረ ሰው እየፈለግሁ ነው» እላለሁ። አንድ ጊዜ ይህን ያልኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር።

ስለዚህ ለራሴ የጌም ኮምፒውተር ያስፈልገኝ ነበር። ለባለቤቴ ግን እንዲህ ብዬ አልነገርኳትም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር በይፋ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር እንደማይቀበል ነገርኳት። ይህ እውነት ነው። እኔ ውሸት የምናገረው በእውነት ነው፤ ባዶውን ውሸትማ ማንም ይችለዋል። «ኮምፒውተራችን ሞተች ማለት ነው» አልኩ፣ የለቅሶ ድምፅ ጨምሬ። እሷ በዚያች ቅጽበት የዕድሩን ሒሳብ እየደመረችባት ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «ነፍሷን ይማር፤ ይህን ልጨርስና እንቀብራታለን» አለች።

ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ገንዘቡ ለማድ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ የታሰበ ነው። «በራሴ ከገጠምኩት በግማሽ ዋጋ ይወጣልኛል፣ ከተረፈው ቆርቆሮውን እንገዛለን» አልኩ። ዕቃው ሁሉ በየሱቁ በሚገኝበት አገር በራስ እጅ መግጠም ብዙ ጊዜ ያዋጣል። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ዕቃ በዶላር ዞሮ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ተተኮሰ፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ኢኮኖሚክስ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ይህን አስታውሶኝ ነበር። «አንተ በሥራህ ግባ» አልኩት። ሥራው እሱ ነበር።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል የነዛሁትን ጉራ ግን ዛሬም ሳስበው ያልበኛል። «ፋብሪካ የገጠመው ምን ዋጋ አለው!» እያልኩ ስለፍፍ ነገሩን እስከ አፄ ቴዎድሮስ ወሰድኩት። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ይዘው ሴባስቶፖል የተባለችውን መድፍ እንዳስቀለጡ፣ ሰው የራሱን መሣሪያ በራሱ ሲሠራ እንዴት ያለ ኩራት እንደሆነ አብራራሁ። የታሪክ መምህሩ ጓደኛዬ ሻዩን አስቀምጦ አዳመጠኝና በቀስታ ጀመረ። ሴባስቶፖል ክብደቷ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ በገደሉም በሸለቆውም መንገድ እየተጠረገላት፣ በሰው ጉልበት ስትጎተት ወደ ግማሽ ዓመት ፈጅቷል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ወታደሮች ከፋብሪካ የወጣውን አዲሱን ስናይደር ጠመንጃ ይዘው ጠበቁ፤ ነገሩ ያለቀው በዚያው ከሰዓት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። መድፏ ዛሬም አምባው ላይ ቁጭ ብላለች። «እና፣» አለኝ ጓደኛዬ፣ «ያንተን ሴባስቶፖል ማነው የሚጎትተው?»

ስሙ በዚያው ጸደቀ። ንጉሡን ከዚህ ጉዳይ ጋር ማንሣቴ ራሱ ሌላ በደል ነው፤ እሳቸው ያን ሁሉ የጎተቱት ለአገር ነው፣ እኔ መኪና እየሰረቁ ለሚነዱበት ጌም።

ከሁሉ የሚብሰው የግራፊክስ ካርዱ ነገር ነው። ጌም ኮምፒውተር ማለት ከግማሽ በላይ ግራፊክስ ካርድ ማለት ነው፤ ይህን አውቃለሁ፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ለሰው ነግሬያለሁ። አዲስ ለመግዛት አቅሜ ስላልፈቀደ ዩዝድ ፍለጋ ቴሌግራም ላይ ተጣድኩ። ይህ የዩዝድ ካርድ ገበያ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን ለውጦ በግራፊክስ ካርድ ስሌት እየሠሩ ገንዘቡን የሚያገኙትን «ማዕድን ቆፋሪዎች» ከሥራ ውጭ አደረጋቸው፤ ቀን ከሌት ሲነዱ የኖሩት ካርዶችም በየአገሩ ገበያ ፈሰሱ። ከእነዚህ አንዱ የኤኤምዲው አርኤክስ 580 ነው። ከዚህ ካርድ ሁለት ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዋናው ውስጡ 2304 ማስሊያ ክፍሎች አሉት። በዓመቱ ለቻይና ገበያ ተብሎ ሌላ ወጣ፤ ስሙ ያው 580 ሆኖ ውስጡ ግን እንደ ታናሹ እንደ 570 ባለ 2048 ነው። ጀማሪ እንኳ የሚጠነቀቀው ወጥመድ ነው።

ሻጩ አላታለለኝም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ማስታወቂያው ላይ 2048 መሆኑን በትልቁ ጽፎታል፣ ሳናግረውም «ቲቸር፣ ይቺኛዋ ባለ 2048 ናት፣ ሌላኛዋ ትንሽ ትወደዳለች» ብሎኛል። እኔ ነኝ ለእሱ ገለጻ ያደረግሁለት። 2048 ማለት ሁለት ቁጥር አሥራ አንድ ጊዜ ተደርድሮ ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን፣ ኮምፒውተር ደግሞ በሁለት ብዜት ስለሚያስብ እንዲህ ያለው ቁጥር የጥራት ምልክት እንደሆነ፣ 2304 ግን እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁጥር አለመሆኑን በድምፅ መልእክት አስረዳሁት። ረጅም መልእክት ነው፤ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፣ ላጠፋውም አልቻልኩም። ሻጩ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እሺ ቲቸር፣ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ጻፈልኝ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ፣ አቀስታን አቋርጦ፣ ካርቶኑ ላይ «ተሰባሪ» ተብሎ ተጽፎበት መጣ። ከዕቃው ሁሉ በደንብ ያሰብኩበት መብራቱን ነው። ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝና ቀለም የሚቀያይሩ ፋኖች ገዝቻለሁ። ለዚህም ሳይንስ ነበረኝ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየራችን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ፋን መጨመር ግድ ነው አልኩ። ፊዚክሱ ትክክል ነው። ያልተናገርኩት፣ ማታ ማታ ጋቢ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ በምቀመጥበት ክፍል ውስጥ ማሽኑ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ያን ያህል እንዳልሆነ ነው። ፋኖቹን የፈለግኋቸው ለቀለማቸው ነው። ለኤስኤስዲ የያዝኩትን ገንዘብ እነሱ በሉት፤ ስለዚህ «ሞተች» ካልኳት አሮጊት ላይ ያንኑ የሚያቃስት ሃርድ ዲስክ ነቅዬ አዲሱ ላይ ለመሰካት ወሰንኩ።

የገጠምኩት መብራት በሄደበት ምሽት ነው፤ የእህቴ ልጅ በስልኩ ባትሪ እያበራልኝ። ልጁ አስቀድመን ዩቲዩብ ላይ እንይ ብሎ ነበር። «ዩቲዩብ ለጀማሪ ነው» አልኩት። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ነው፤ ከሥሩ 1331 የፀጉር ያህል የቀጠኑ እግሮች አሉት። እየቆጠርኩ ላስረዳው ስል ከእጄ ወደቀ። የጎበጡትን እግሮች በባለቤቴ መርፌ እያቃናሁ «እንዲህ ነው የሚስተካከለው» አልኩት፣ የትምህርቱ አንድ ክፍል አስመስዬ። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ሁለት ራም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው፤ እኔ ሰሌዳ ላይ ስሥል እንደኖርኩት ጎን ለጎን ሰካኋቸው። ማቀዝቀዣውን አሥሬ ጨረስኩ። መብራቱ ሲመጣ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ፋኖቹ ዞሩ፣ ክፍሉ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ሆነ። ሞኒተሩ ግን ጨለማ ነው።

ያን ጊዜ ያላማሁት የለም። ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ነው አልኩ፣ ራሙ የተበላሸ ነው አልኩ፣ ሻጩ ጋ ደውዬ ልናገረው የማይገባኝን ተናገርኩ። በመጨረሻ እናቴ መጡ። መስታወቱን፣ መብራቱን፣ በመስኮት የሚያጮልቁትን የሠፈር ልጆች አይተው «ዓይን ነው፤ ይህን ሁሉ አብርተህ ማን ዝም ይልሃል» አሉ። ይኸውላችሁ ትልቁ ውርደቴ፦ ተስማማሁ። «ሳይሆን አይቀርም እማ» አልኩ። በቡዳ መበላት ካለማወቅ ይሻላላ!

ነገሩን የደረሰበት የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ተማሪ ነው። ሊጠይቀኝ መጥቶ ምንም ሳይፈታ ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ ብሎ አየ። ሞኒተሬ የድሮው ነው፣ ያለው ማስገቢያ ቪጂኤ ብቻ። ግራፊክስ ካርዱ ላይ ቪጂኤ የለም፣ ማዘርቦርዱ ላይ ግን አለ፤ ስለዚህ እሱ ላይ ሰክቼዋለሁ። «ቲቸር፣» አለኝ በትሕትና፣ «ይሄ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም እኮ፤ እዚህ ጋ ቢሰካ ምስል ከየት ይመጣል?» ሚዛኔን ለመመለስ ጊዜ አልፈጀብኝም። «ጎበዝ!» አልኩት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ «ታስታውስ እንደሆነ ልፈትንህ ነው።» የእህቴ ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ወጥቶ ሄደ።

ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መሣሪያ ከደሴ እስኪመጣ ሴባስቶፖል ያለ ምስል እየበራች ቆየች። ለማየት ለሚመጣው እንግዳ «ዝመና ላይ ናት» እል ነበር። ምስሉ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ያው ተማሪ ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ፕሮሰሰሩ ገና ዊንዶውስ ከመክፈቱ 90 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። 90 ለዚህ ፕሮሰሰር አምራቹ ያስቀመጠለት ጣሪያ ነው። በእኛ ከፍታ ደግሞ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጀበና ልንጥድበት ምንም አልቀረን። ማቀዝቀዣውን ፈትቶ አነሣው። ከሥሩ ያለችው ስስ ላስቲክ፣ «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ» ተብሎ የተጻፈባት፣ እንዳለች ናት። ልጁ ዝም ብሎ ላጣት። ልፈትንህ ነው ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። የካርዱን 2048 ያነበበልኝም በዚያው ዕለት ነው፤ ስለ ሁለት ብዜት ያደረግሁትን ገለጻ ግን አልነገርኩትም።

ከዚህ በኋላ ጌም መጫወት ነው የቀረው። አዲሶቹ ጌሞች አንዳንዶቹ ከ100 ጊጋ በላይ ናቸው፤ እኔ የምገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ደግሞ የእነሱን መግቢያ ፊልም እንኳ አይጨርስም። ክልላችን አማራ ውስጥ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ወጣቶቹ ሁሉን ነገር በፍላሽና በሃርድ ዲስክ መቀባበል ለምደዋል። እኔም ከእነሱ ለመንኩ። ያገኘሁት ቫይስ ሲቲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን። ይህ ጌም ሲሠራ በሰከንድ ከ30 ምስል እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው፤ ገደቡን ካነሡለት መኪናውም ሰውየውም እንግዳ ጠባይ ያመጣሉ። ሙሉ የዕቁብ ገንዘብ የወጣባት ሴባስቶፖል፣ ስድስት ኮር ያላት፣ ለዚህ ጌም በሰከንድ 30 ምስል ትሰጣለች። አሮጊቷም የምትሰጠው ይህንኑ ነበር። ትንሿ ልጄ ደግሞ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት የሠራውን ኩኩሉን በእናቷ ስልክ ስትጫወት ትውልና ከእኔ በላይ ትስቃለች።

አንድ ቀን የቤቱ መብራት ብሬከሩ ሲጥል ባለቤቴ ጣቷን ወደ ሴባስቶፖል ቀሰረች። ይህን ክርክር እንደማሸንፍ አውቄ ተነሣሁ። ማሽኔ ጌም ስታጫውት 300 ዋት ገደማ ብትወስድ ነው፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግን ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ይወስዳል፤ ማለትም አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ። ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋት። አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ምጣዱ እንጀራ ያወጣል፤ ያንተዋ ምን ታወጣለች?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ከላይ ያለው ጣሪያ ደግሞ ያንጠባጥብ ነበር።

አሮጊቷ ሃርድ ዲስኳን ከነጠቅኋት በኋላ ባለቤቴ ከዕድር አበሏ አውጥታ ትንሽ ኤስኤስዲ አስገባችላት። አሁን ቁልፏን ተጭነው ሳይቀመጡ ትከፈታለች። የእኔዋ እስክትከፈት አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል፤ ያ የሚያቃስተው ሃርድ ዲስክ አሁን እኔ ዘንድ ነው ያለው። የፈተና ጥያቄ ስጽፍ ከባለቤቴ ፈቃድ ጠይቄ አሮጊቷን እዋሳለሁ። የዕድሩ ሒሳብ ካላለቀ ተራ እጠብቃለሁ።

ለቆርቆሮው ስል ግራፊክስ ካርዱን ልሸጠው ነው። መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ማስታወቂያ «አርኤክስ 580፣ ምንም ያልተነካ» የሚል ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት ያህልም በዚሁ ልለጥፈው አስቤያለሁ፣ ይህንንም ከኃጢአቶቼ ጋር ቁጠሩልኝ። አሁን አስተካክዬዋለሁ። ካርዱ ባለ 2048 ነው፣ አቅሙ የ570 ነው፣ ማዕድን ሲቆፍር የኖረ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ ዘንድ የሠራው ግን ቫይስ ሲቲን ብቻ ነው። የሚፈልግ ሰው መካነ ሰላም መጥቶ «የሴባስቶፖል ቤት» ቢል ማንም ያሳየዋል። ዋጋው ላይ እንነጋገራለን፤ ስለ ሁለት ብዜት ግን ገለጻ አልሰጥም።